አልበሙ ጠቁሮ መጣ፤ ጥፋቱ የማተሚያ ላቡ ነው የስክሪኔ? ሞኒተር ልገዛ ነው፣ ምከሩኝ

ሐዋሳ_ሌንስ • ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለቤቱ። ሐዋሳ ያለሁ ሠርግና ምርቃት የማነሳ ፎቶግራፈር ነኝ። ሁሌ ዝም ብዬ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ተቃጥዬ ነው የመጣሁት።

ባለፈው ወር የአንድ ሠርግ አልበም አዲስ አበባ ላለ የፎቶ ማተሚያ ላብ ላክሁ፣ 40 ገጽ። መጥቶ ስከፍተው ክው አልኩ። የሙሽራዋ ፊት ጠቁሯል። የሽማግሌዎቹ ጥቁር ካባ ከኋላው ካለው ጥላ ጋር አንድ ሆኗል። ፍቅር ሐይቅ ዳር አመሻሽ ላይ ያነሳኋቸው ደግሞ ሰው ይሁን ዛፍ አይለይም። ላፕቶፔ ላይ ግን ፏ ብለው ነው የሚታዩት! ላቡ ጋ ስደውል «ፋይልህ ነው» ብለው ዘጉት። እኔ ደግሞ ማሽናቸው ነው እላለሁ። ሙሽራው ቀሪውን ገንዘብ ይዞብኛል፤ እውነቱን ነው።

ላፕቶፔ 15.6 ኢንች፣ 1366 በ768፣ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 16 ጊጋ ራም ነው። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል። የምሠራው በፎቶሾፕ ሲኤስ6 ነው። ጾሙ ሊገባ ስለሆነ ሥራ የለም፤ የጥር ሠርግ ሳይደርስ ሞኒተር መግዛት አለብኝ። አንድ ጓደኛዬ «27 ኢንች ፎር ኬ ግዛ» ይለኛል። ሱቅ የጠየቅሁት ልጅ «27 ኢንች ፉል ኤችዲ አለ፣ ትልቅ ነው፣ ርካሽ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ያገለገለ 24 ኢንች ዴል አሳይቶኛል። በጀቴ ጠባብ ነው፤ ዶላሩ ሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የቱን ልውሰድ?

ፒክስል_ቆጣሪ • ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡41

ፎር ኬ ግዛ፣ ክርክር የለውም። ፉል ኤችዲ 2 ሚሊዮን ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ነው፣ ፎር ኬ 8.3 ሚሊዮን። ያንተ አንድ ፎቶ 24 ሚሊዮን ነው። አሁን ባለህ ላፕቶፕ መቶ በመቶ (አንዱን የፎቶ ፒክስል በአንድ የስክሪን ነጥብ) አስጠግተህ ስታይ የፎቶህን አንድ ሃያ ሦስተኛ ነው የምታየው፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማጮለቅ በለው። በፎር ኬ ሲሶውን አንዴ ታየዋለህ። አንዴ ከለመድከው ወደ ኋላ መመለስ የለም።

የላብ_ሰው • ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡15

ወንድሜ አይዞህ። «ፋይልህ ነው» ብለው ያለ ማብራሪያ ስልኩን መዝጋታቸው ደስ አይልም፣ ግን ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ላብ ውስጥ ከለር ዴስክ ላይ ተቀምጬ ሠርቻለሁ (አንተ የላክህበት አይደለም)። በየሳምንቱ እንዳንተ እየተንጨረጨረ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ነበር። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ኮምፒውተሬ ላይ እኮ ብሩህ ነው!» በዚያ ሁሉ ዓመት «ፎቶዬ ነጥቶ መጣብኝ» ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ሁሌ ጠቁሮ ነው። ማሽን ቢሆን ኖሮ አንዳንዴም ወደዚያኛው ይስት ነበር።

ሦስት ነገር ንገረኝ። ስንት ሰዓት ላይ ነው ኤዲት የምታደርገው? ክፍሉ ውስጥ መብራት ይበራል? የላፕቶፑ ብራይትነስ ስንት ላይ ነው? ከቻልክ ደግሞ ለላቡ ከላክሃቸው አንዱን በቴሌግራም እንደ ፋይል ላክልኝ። እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨመቃል፣ ምንም አላይበትም።

ሐዋሳ_ሌንስ • ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡22

ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ልጆች ሲተኙ። መብራት አጠፋለሁ፣ ባለቤቴ እዚያው ክፍል ነው የምትተኛው። ብራይትነስ መቶ። ፋይሉን ልኬልሃለሁ።

አሁን ስጽፈው መልሱን ራሴው የተናገርኩት መሰለኝ።

የላብ_ሰው • ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 2፡05

አየሁት። ፎቶው ጥሩ ነው፣ ፎከሱ ዓይኗ ላይ ነው፣ እጅህ ይባረክ። ግን ኢንፎ ፓነሉን (የከለሩን ቁጥር ከ0 እስከ 255 የሚያሳየውን) ከፍቼ ጠቋሚውን የሙሽራዋ ግንባር ላይ ሳሳርፈው ቀይ 96፣ አረንጓዴ 68፣ ሰማያዊ 54 ይላል። እኔ ጠይም ፊት ላይ፣ ብርሃን በደንብ ያረፈበት ግንባር ከሆነ፣ ቀዩ 170 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ልቤ የሚያርፈው። ሂስቶግራሙም (የብርሃኑ ግራፍ፣ ግራው ጨለማ ቀኙ ብርሃን ነው) ግራ ግድግዳ ላይ ተደፍቷል፣ ቀኝ ግማሹ ባዶ ነው። ማሽኑ የላክህለትን ነው ያተመው።

ምን ሆነ መሰለህ? ስክሪን ራሱ ይበራል፣ ወረቀት ግን የክፍሉን ብርሃን ተበድሮ ነው የሚታየው። ላፕቶፕ ብራይትነሱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ 200፣ 250 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ይሰጣል፤ ለሕትመት የሚሠራ ሰው ከ80 እስከ 120 ይበቃዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ ብርሃን ፊትህ ላይ ሲቦግ ዓይንህ «በዛ» ይላል፣ እጅህም ሳታውቀው ኤክስፖዠሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። እየደጋገምክ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ። ስለዚህ 8 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ስክሪን ብትገዛና በዚያው ጨለማ በመቶ ብራይትነስ ብትሠራበት፣ በጣም ጥርት ብሎ የሚታይ ጥቁር አልበም ነው የምታገኘው።

እስከዚያው በነጻ የሚሠራ ዘዴ፦ ክፍሉን እንደወትሮው አብራ፣ ንጹሕ ኤ4 ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዝ፣ ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈት። ከስክሪኑ አንጻር ወረቀቱ ግራጫ ከመሰለህ ስክሪኑ ይጮኻል ማለት ነው። ሁለቱ እስኪቀራረቡ ብራይትነሱን አውርደው። ከዚያ በኋላ የድሮ ፎቶዎችህን ክፈት፤ ትደነግጣለህ።

ሐዋሳ_ሌንስ • ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3፡30

አወረድኩት። 30 ላይ ነው የተገናኙት። አልበሙን ከጎኑ ዘርግቼ አየሁት፣ እሱ ራሱ ነው። ቁርጥ እሱ። ላቡ ጋ ደውዬ ይቅርታ ልበል ወይስ ዝም ልበል?

መርካቶ_ዙረት • ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3፡33

ዝም በል።

ሪታቸሯ • ኅዳር 10፣ ከሰዓት 8፡10

ደውል እንጂ፣ ነገም ትልክላቸዋለህ!

የላብ_ሰው ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ነገሩ ብራይትነስ ብቻ አይደለም። ሐዋሳ_ሌንስ፣ እስቲ አንድ ነገር ሞክርልኝ። ፊት በቅርብ የሚታይበት ፎቶ ክፈትና የላፕቶፑን ክዳን በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዘንብለው። ፊቱ ሲጠቁርና ሲነጣ ካየህ ስክሪንህ ቲኤን የሚባለው የፓነል ዓይነት ነው። በዚያ ላይ የቆዳ ከለር መሥራት ማለት በሚወዛወዝ ሚዛን ቡና እንደመመዘን ነው። ቀጥ ብለህ ስትቀመጥ የሠራኸውን ትንሽ ስትደገፍ ታበላሸዋለህ። አይፒኤስ የሚባለው ፓነል ግን ከየትም ብታየው ከለሩ አይሸሽም፤ ስለዚህ ምንም ትግዛ ምን አይፒኤስ ይሁን። ሦስተኛው ዓይነት፣ ቪኤ፣ ለፊልም ጥሩ ነው፣ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ ግን ከጎን ሲታይ ጥላው ይገረጣል።

ሁለተኛ፣ የከለር ስፋት። ርካሽ ላፕቶፖች መግለጫቸው ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» (የድሮ የቲቪ ከለር መለኪያ) የሚል ይጻፍባቸዋል፤ ያ ማለት ከኤስአርጂቢ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ በወጉ አያሳዩም። ኤስአርጂቢ ማለት ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ አብዛኛው ላብም የሚግባባበት የከለር ቋንቋ ነው። የጥበቡ ቀይ በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ ብርቱካናማ ይመስልሃል፣ አንተ ደግሞ ሳቹሬሽን (የከለር ድምቀት) ትጨምራለህ፣ ደንበኛዋ ስልኳ ላይ ስትከፍተው እሳት። ሞኒተር ስትገዛ «ኤስአርጂቢ ከ95 በመቶ በላይ» የሚለውን ፈልግ፣ ሌላው ትርፍ ነው።

ትርፍ ስል ከራሴ ደርሶብኝ ነው። አንድ ጊዜ አዶቤ አርጂቢን (ከኤስአርጂቢ የሰፋውን የከለር ክልል) 99 በመቶ የሚሸፍን ሰፊ ሞኒተር እጄ ገባ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ግን ካሊብሬት ሳላደርገው (ከለሩን በመሣሪያ ሳላስተካክለው)፣ ኤስአርጂቢ ሞድ ላይም ሳላደርገው ነው ሥራ የጀመርኩበት። የሁሉም ሰው ፊት ቀልቶ፣ እንደ ቲማቲም ሆኖ ይታየኝ ጀመር። እኔም ቀዩን መቀነስ፣ መቀነስ... ሦስት ሠርግ እንደዚያ ሠርቼ አስረከብኩ። አንዷ ሙሽራ ደውላ «እህቴ፣ ታምሜ ነበር እንዴ የዚያን ቀን?» አለችኝ። አመድ መስላለች። ሰፊ ከለር ማስተዳደር ለሚችል ሰው ነው እንጂ ለሌላው ወጥመድ ነው።

ፒክስል_ቆጣሪ • ኅዳር 10፣ ከሰዓት 8፡52

እሺ ብራይትነሱም ከለሩም ይሁን። ግን ፎር ኬ አይፒኤስም አለ እኮ! ለምን ዝቅ ያለ ሪዞሉሽን (የፒክስል ብዛት) ትመክሩታላችሁ? ከ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጤናማ ዓይን የሚለየው በኢንች 146 ፒክስል አካባቢ ነው። 24 ኢንች ፉል ኤችዲ 92 ነው፣ 27 ኢንች ሁለት ኬው፣ ማለትም 2560 በ1440፣ 109 ነው፣ 27 ኢንች ፎር ኬ ግን 163። ነጥቡ የሚጠፋልህ በፎር ኬ ብቻ ነው።

ሪታቸሯ • ኅዳር 10፣ ከሰዓት 9፡15

ነጥቡ መጥፋቱ ለሪታች (ፎቶ ለማረም) ሁልጊዜ ጥሩ ነው ያለህ ማነው? እኔ ቤት ፎር ኬ አለ፣ ቢሮ ደግሞ ሁለት ኬው። በፎር ኬው መቶ በመቶ ሆኜ ሻርፕ ሳደርግ ፒክስሉ ስለሚደቅብኝ ሁሌ አበዛዋለሁ፤ ኖይዙም አይታየኝም። ሁለት መቶ በመቶ ላይ ሆኜ ካላረጋገጥኩ አላስረክብም። በሁለት ኬው ግን መቶ በመቶ ያየሁት ነው የሚታተመው። ለማንበብና ለዓይን ምቾት ፎር ኬ ይበልጣል፣ አልክድም።

ከዚያ ደግሞ ልጁ «ሲኤስ6» አለ እኮ። ዊንዶውስ ላይ ሲኤስ6 በፎር ኬ አይሰፋም። ቱሎቹ የጤፍ ፍሬ ያክላሉ። አጉሊ መነጽር አብረህ ልትልክለት ነው?

የላብ_ሰው • ኅዳር 10፣ ከሰዓት 9፡40

ላፕቶፑንም አትርሱ። በስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ላፕቶፕ የኤችዲኤምአይ (የስክሪን ኬብል) ቀዳዳው በአብዛኛው ስሪቱ 1.4 ነው። ፎር ኬ ያወጣል፣ ግን በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ። ማውሱ ይጎተታል፣ ብራሹ ከእጅህ ኋላ ኋላ ይከተላል። 60 ለማግኘት ዲስፕሌይፖርት ወይ ኤችዲኤምአይ 2.0 ይፈልጋል። ፎር ኬ ስትገዛ ኮምፒውተርም አብረህ እየገዛህ ነው።

ፒክስል_ቆጣሪ • ኅዳር 10፣ ከሰዓት 9፡44

ሲኤስ6ን አላየሁትም ነበር። እጅ ሰጥቻለሁ። ለሌላ አንባቢ ግን ቃሌን አላነሳም፦ አዲስ ኮምፒውተርና አዲስ ፎቶሾፕ ያለው ሰው 27 ኢንች ፎር ኬ ገዝቶ የዊንዶውሱን ስኬል 150 ላይ ያድርገው። ጽሑፉ የሁለት ኬው ያህል ይገዝፋል፣ ፎቶው ግን በሙሉ ፒክስሉ ነው የሚታየው።

27 ኢንች ፉል ኤችዲውን ግን አትንካው። በኢንች 82 ፒክስል! አንዱ ነጥብ 0.31 ሚሊ ሜትር ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመህ ስታየው ያምራል፣ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥበት ወንፊት ነው።

ሪታቸሯ • ኅዳር 10፣ ከሰዓት 9፡50

እዚህ ላይ ተስማማን። የሐበሻ ቀሚስ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ የሸማው ድርና ማግ፣ የጥበቡ ጥልፍ፣ ፎቶው አንሶ ሲታይ ማዕበል የመሰለ መስመር ይሠራል። የስክሪኑ ፒክስል ባነሰ ቁጥር ይብስበታል። ብዙ ሰው እሱን «ለማጥፋት» ጨርቁን ሲያደበዝዝ አይቻለሁ፤ ፋይሉ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የለም። መቶ በመቶ ላይ ሆናችሁ ሳታረጋግጡ ነጠላ እንዳትነኩ። የነጠላው ነጭ ደግሞ 255 ከነካ እጥፋቱ ጠፋ፣ ላቡም አይመልሰውም። 240 አካባቢ ሲቆም ጨርቅነቱ ይታያል።

አሮጌው_ካሜራ • ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ስለ ፒክስሉ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ፒያሳ ፎቶ ቤት በቀይ መብራት ያደግሁ ነኝ። ያኔ ትልቁን ወረቀት ከማበላሸታችን በፊት ጣት የምታህል ቁራጭ ወረቀት አንስተን፣ ግማሿን 5 ሴኮንድ፣ ግማሿን 10 ሴኮንድ አብርተን እናጥባት ነበር። ወረቀት ውድ ነው፣ ቁራጭ ርካሽ ነው። አሁን 40 ገጽ አልበም ያለ አንዲት ቁራጭ ሲላክ ስሰማ ይገርመኛል። ስክሪኑ ወርቅ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ከየመልኩ አምስት ስድስት ፎቶ በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሙ፤ ከቤት የተነሳ፣ ከውጭ የተነሳ፣ የማታ፣ ነጭ ልብስ፣ ጥቁር ካባ። ስታዩት ደግሞ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ እንጂ በቢጫ አምፖል ሥር አይሁን።

ሌላው፣ የምትሠሩበት ክፍል ግድግዳ ምን ቀለም ነው? የአንድ ወዳጄ ስቱዲዮ ሮዝ ነበር። የሱ ሙሽሮች ሁሉ ትኩሳት የያዛቸው ይመስላሉ። ዓይኑ ሮዙን ለምዶ ፎቶው አረንጓዴ ስለሚመስለው ወደ ሮዝ ይገፋው ነበር።

ሐዋሳ_ሌንስ • ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2፡00

ጋሼ፣ እጅ እነሳለሁ። የኔ መጋረጃ ብርቱካናማ ነው። ባለቤቴ የመረጠችው ነው፣ እሱን እንዴት እንደምነግራት አላውቅም።

አሮጌው_ካሜራ • ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2፡12

መጋረጃውን አትንካ፣ ልጄ። ጠረጴዛውን አዙረው።

ጅማ_ስቱዲዮ • ኅዳር 11፣ ከቀኑ 6፡25

43 ኢንች ፎር ኬ ቲቪ ብጠቀምስ? ቤት አለኝ፣ በነጻ።

ፒክስል_ቆጣሪ • ኅዳር 11፣ ከቀኑ 6፡40

ለደንበኛ ስላይድ ማሳያ ጥሩ ነው። ለኤዲት ግን ቲቪ ፎቶህን ሳይጠይቅህ ያሳምርልሃል፤ ሻርፕ ያደርጋል፣ ኮንትራስት ይጨምራል። አንዳንዱ ደግሞ ከለሩን ቀንሶ ስለሚቀበል ቀይ ጽሑፍ ጠርዙ ይፈርሳል። ብዙውን በፒሲ ሞድ ማጥፋት ይቻላል፣ ግን ያን ያህል ካንጋጠጥክ አንገትህም ያምሃል።

ጅማ_ስቱዲዮ • ኅዳር 11፣ ከቀኑ 6፡58

እሺ ይቅር። ሌላ ልጠይቅ፦ የኔ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ በኤችዲኤምአይ ስሰካው ጥቁሩ ግራጫ ነው፣ ሁሉ ነገር ጉም የለበሰ ይመስላል። ፓነሉ ተበላሽቶ ነው?

የላብ_ሰው • ኅዳር 11፣ ከሰዓት 7፡20

አይመስለኝም። ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን ቲቪ ነው ብሎ ጥቁሩን ከ0 ሳይሆን ከ16፣ ነጩን እስከ 255 ሳይሆን እስከ 235 እየላከለት ይሆናል። የግራፊክስ ካርዱ ሴቲንግ ውስጥ «ሊሚትድ» የሚለውን «ፉል» አድርገው። ይህን ሳያውቅ ስንቱ ሰው ኮንትራስት ሲጨምር ኖሯል!

ጅማ_ስቱዲዮ • ኅዳር 11፣ ከሰዓት 7፡31

ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት እንዲያ ነው የሠራሁት!

መርካቶ_ዙረት • ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 1፡45

ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ያገለገለው ዴል የትኛው ነው? ዩ2412ኤም ከሆነ ውሰድ። 24 ኢንች፣ አይፒኤስ፣ 1920 በ1200 ነው፤ ከፉል ኤችዲ በቁመት 120 ረድፍ ይበልጣል፣ ቀላል እንዳይመስልህ። ዞሮ ይቆማል፣ ሙሽራዋን በቁሟ ያነሳህበትን ፎቶ ሙሉ ስክሪን ታደርገዋለህ። አንድ ጉድ አለው፦ ኤችዲኤምአይ የለውም። ዲስፕሌይፖርት፣ ዲቪአይና ቪጂኤ ብቻ። ታናሽ ወንድሙ ዩ2415 ኤችዲኤምአይ አለው፣ ከለሩም ይሻላል፣ ግን እንደ ልብ አይገኝም።

ያገለገለ ስትገዛ ሻጩ ያበራልህን ቪዲዮ አትይ። ሁሉም ሞኒተር ላይ ያ ባሕርና ያ በቀቀን ያምራል። ስልክህ ላይ አራት ፎቶ ይዘህ ሂድ፦ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ መካከለኛ ግራጫ፣ ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚሄድ። በነጩ የሞተ ፒክስልና ጥጉ ላይ የቢጫ እድፍ ታያለህ። በጥቁሩ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን፤ ሱቁ መብራት እንዲያጠፋ ለምነው። በግራጫው አንዱ ወገን ሮዝ፣ ሌላው አረንጓዴ መሆኑን። በመጨረሻው ደረጃ ደረጃ ሠርቶ እንደሆነ። ብራይትነሱንም ዜሮ አድርገህ እይ፤ ዜሮ ላይ የሚያርገበግብ ዕቃ ቤትህ አይግባ። አንዳንዶቹ ሞኒተሮች ሜኑ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደበሩ ይናገራሉ፤ ከባንክና ከቢሮ የወጡት ቀን ከሌት ሲበሩ የኖሩ ናቸው።

ሲልቨርስፕሪንግ_27 • ኅዳር 13፣ ከንጋቱ 11፡10

ሰላም ወገን፣ ከሜሪላንድ ነኝ፤ እዚህ ገና ማምሻ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ለገና አገር ቤት እገባለሁ። አሱስ ፕሮአርት ፒኤ278ኪውቪ የሚባል አለ፣ 27 ኢንች፣ ሁለት ኬው፣ ኤስአርጂቢ መቶ በመቶ። እኔ የምጠቀመው እሱን ነው፣ ለዋጋው የሚገርም ዕቃ ነው። ባለፈው ዓመት ለወንድሜ አንዱን በሻንጣ ወስጃለሁ። ከፈለግህ እናውራ።

ሞኒተር ለሚያመጣ ሰው፦ መቆሚያውን ፍታው፣ የመጣበትን ፎም አትጣል፣ የመስተዋቱን ፊት ከጠፍጣፋ ነገር ጋር እንጂ ከጫማ ጋር እንዳታገናኘው። የኔ ወንድም እናቴ በላከችለት ሹራብ መካከል ነው የደረሰለት። ቮልቴጁ አያስጨንቅም፤ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ይቀበላሉ፣ የሚቀየረው የሶኬት ገመዱ ብቻ ነው። ግን ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ አለመሰካት ነው።

ሐዋሳ_ሌንስ • ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 1፡15

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ልቤ ሄዷል፣ ኪሴ ግን አልሄደም። የጥር ሠርጎች ሲከፈሉ እናወራለን። ስለዚያ «ኤይዞ» ስለሚባለው ጃፓን ሠራሽ ሞኒተርስ ምን ትላላችሁ? ትልልቆቹ ሁሉ በሱ ነው የሚሠሩት ይባላል።

ሪታቸሯ • ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 1፡40

ዋጋውን ያየ ሰው «አይዞህ» ስለሚባል ነው ስሙ። ከምር ግን፣ ከለርኤጅ የሚባሉት ዘር ውስጥ ራሱን የሚካሊብሬት መሣሪያ ጠርዙ ውስጥ የተቀበረበት አለ። ዕቃው የሚያምር ነው። እኔና አንተ ግን በዚያ ዋጋ ሌንስ እንገዛለን።

ሐዋሳ_ሌንስ • ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 2፡50

ተመለስኩ። ዩ2412ኤሙን ገዛሁት። የመርካቶ_ዙረትን አራት ፎቶዎች ይዤ ሄጄ መጀመሪያ ያሳዩኝን ሁለቱን መለስኩ፤ አንዱ በግራጫው ግማሽ ፊቱ ሮዝ ነበር። ሻጩ «አንተ ሰው ፖሊስ ነህ?» አለኝ።

መጀመሪያ ግን ጉድ ሆኜ ነበር። ሱቁ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ነገር ሰጠኝ። ቤት ስሰካው ፊደሉ ጥላ አለው፣ ፀጉር ያበቀለ ይመስላል፤ ልቅሶ ነበር የቀረኝ። የልጄ አስተማሪ ኮምፒውተር ያውቃል፣ እሱ ነው «ቪጂኤ የድሮ አናሎግ ነው፣ በዲቪአይ አምጣው» ያለኝ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ተራ ኬብል ገዛሁ፣ ሲሰካ በአንዴ ሌላ ሞኒተር ሆነ። የሽማግሌዎቹ ካባ ላይ የወርቅ ክር ጥልፍ እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ያነሳሁት እኔ፣ ያላየሁት እኔ።

በወረቀቱ ዘዴ ብራይትነሱ 28 ላይ ቆመ። ጠረጴዛውን አዙሬዋለሁ፣ መጋረጃው አሁን ከኋላዬ ነው። ሌሊት የምሠራው ግድግዳው ላይ ትንሽ ነጭ መብራት አብርቼ ነው፣ ባለቤቴ ፊቷን ታዞራለች። የዚያን ሠርግ ፎቶዎች እንደገና ሠርቼ ጋሼ እንዳሉት ስድስት ቁራጭ በ10 በ15 አሳተምኩ። ላቡ ጋ ደውዬም ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ልጅቷ ስቃ «ስምህን መዝግበናል» አለችኝ፣ ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም። ቁራጮቹ ዛሬ መጡ። መስኮት አጠገብ ቆሜ ከስክሪኑ ጋር አስተያየኋቸው። ፊቱ ልክ ነው። ካባው ልክ ነው። የጥበቡ አረንጓዴ ግን ስክሪኑ ላይ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ወደ ሣር። የቱን ልመን?

የላብ_ሰው • ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 3፡10

እንኳን ደስ ያለህ! ብራይትነሱን በወረቀት ማስተካከል ይቻላል፣ ከለሩን ግን ዓይን አይዳኘውም። ዓይን ይለምዳል፣ ጋሼ ስለ ሮዙ ግድግዳ የነገሩህን አስታውስ። እዚህ ጋ ካሊብሬተር ያስፈልጋል። ስፓይደርም ይሁን ካሊብራይት፣ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ የሚያነብ ማለት ነው። ሶፍትዌሩን ዲስፕሌይካልን ተጠቀም፣ ነጻ ነው። ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን (የመካከለኛውን ብርሃን ልክ) 2.2፣ ብራይትነሱን 110 ኒት ብለህ ስጠው። ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይሙቅ መጀመሪያ።

ሐዋሳ_ሌንስ • ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 3፡14

እሱን ደግሞ በስንት ልገዛው ነው?

ሪታቸሯ • ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 3፡30

ለምን ትገዛዋለህ? በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚፈለገው። እኛ አምስት ሆነን እንደ ዕቁብ አዋጥተን ነው የገዛነው፣ ወር በወር ይዞራል። የዚህ ወር ተረኛ እኔ ነበርኩ፣ ጨርሻለሁ። ከአምስቱ አንዱ ልጅ ቅዳሜ ወደ ሐዋሳ ይወርዳል፣ እሱ ያደርስልሃል። እስከ ሰኞ መልሰው።

ሐዋሳ_ሌንስ • ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 3፡33

እህቴ፣ ምን ብዬ ላመስግንሽ። ዓሣ ልላክልሽ?

ሪታቸሯ • ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 3፡41

ጾም ነው ብዬ ልከራከርህ ነበር፣ በጾምም ዓሣ የሚበላ ቤት ነው የኛ። ላክ። ካሊብሬተሩ ሰማያዊ የመነጽር ማስቀመጫ ውስጥ ነው ያለው። መስተዋቱን በጣትህ እንዳትነካው፣ በቲሸርትም እንዳትጠርገው።

ጅማ_ስቱዲዮ • ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 3፡45

ከሐዋሳ በኋላ ጅማ ይመጣል? ቡና አለኝ።